እንጨቴን የምትበሳው ይህች ተርብ ናት ወይስ ሌላ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ 26 ከደረሱ በኋላ ከመካከል የገቡ አንባቢዎች ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ደጋግመው ስለ ጠየቁ፣ ጥያቄዬንና የመጣልኝን መልስ በየተራ ቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም።

ጥያቄው የተነሣው ዳንግላ ካለው ግቢያችን ነው። ለበርና ለአልጋ የሚሆኑ አምስት የዋንዛ ግንዶችን ከነቅርፊታቸው፣ ከጎናቸውም ለአጥር የተገዛ የባሕር ዛፍ አጣና ከምሬ ክረምቱን በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆይቻቸው ነበር። ኅዳር ላይ ከዋንዛው ሥር እንደ በሶ የላመ ቢጫ ዱቄት መፍሰስ ጀመረ፤ ማታ ጠርጌው ባድር ጠዋት እንደገና አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ዱቄቱን ልጠርግ ጎንበስ ስል አንዲት ቀጭን ተርብ በግንዱ ላይ ስትመላለስ አየሁ። ገላዋ ጥቁር፣ እግሮቿ እንደ በሰለ ብርቱካን የቀሉ፣ ወገቧ አሁን አሁን ሊበጠስ የደረሰ ክር የሚያህል ነው፤ ከኋላዋም የፈረስ ጭራ ፀጉር የመሰለ፣ ከገላዋ የሚረዝም ነገር ይጎተታል። በሁለቱ አንቴናዎቿ ቅርፊቱን እየነካካች ሄዳ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ መታች፤ ከዚያም ሆዷን ሽቅብ ቀስራ ያንን ጭራ በእግሮቿ መካከል ቀጥ አድርጋ አቆመችና ወደ እንጨቱ ትሰደው ጀመር። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ 25 ደቂቃ ፈጀባት። ስትጨርስ ቀስ ብላ መዝዛ አወጣችውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከአንድ ስንዝር በላይ ርቃ መነካካቷን ቀጠለች።

እንደ አባት የማያቸው ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን ሲመለከቱ፣ እንጨቴን የምታነቅዘው እሷው እንደ ሆነች፣ ዝም ካልኳት ደግሞ ለእርሳቸው ጎተራ እንደምትተርፍ ነግረውኝ ከቤታቸው ማላታይን የተባለውን የተባይ መድኃኒት አምጥተው በእጄ አስያዙኝ። ጠርሙሱን ይዤ እንደ ቆምኩ ነው ጥያቄውን የጻፍኩት፤ ቀዳዳውን የምትበሳው እሷ ናት ወይ፣ ከሆነችስ ልርጫት ወይ ብዬ።

ምላሽ 1 የቡሬ አናጢ ናቸው። ከ20 ዓመት በላይ መላጊያ እንደ ያዙ ገልጸው በትሕትና ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ተርቧን ትቼ ምስጡን እንዳስብ፣ ለምስጥ ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ፍቱን መሆኑን መከሩኝ። ምላሽ 2 ወዲያው ተከትሎ አረማቸው። ምስጥ ዱቄት እያፈሰሰ አይሠራም፤ ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ ዋሻ እየገነባ ይወጣል፣ የበላውንም በአፈር ይሞላል፤ ዱቄት ካለና ክብ ወይም ሞላላ ቀዳዳ ከታየ ሥራው የጥንዚዛ ነው። ይኸው ጸሐፊ አማርኛችን ለእህል ነቀዝ፣ ለልብስ ብል፣ ለአሮጌ እንጨት ቅንቅን የሚል ስም እያለው ሁሉንም ምስጥ ብሎ መጥራት ለአናጢ እንደሚያሳፍር አክሎ ጻፈ። እርማቱ ልክ ነው፤ ማሳፈሩ ግን ለአንጋፋ ሰው ከረር ብሎብኛል። አናጢውም ለጊዜው ዝም አሉ።

ክሩን በእግሩ ያቆመው ምላሽ 3 ነው። ጸሐፊዋ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ ያዘዙኝ ጠርሙሱን ለባለቤቱ እንድመልስ ነው። እንደ እርሳቸው ማብራሪያ እንጨት የተርቧ ምግብ አይደለም። እንጨቱን የሚበላው ረጅም ቀንድ ያለው የጥንዚዛ ዘር እጭ ነው፤ እናቲቱ ጥንዚዛ አዲስ በተቆረጠ ወይም በተጎዳ ዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩ ሲፈለፈል መጀመሪያ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ለስላሳ ክፍል ይግጣል፤ ሲወፍርም ወደ እንጨቱ ውስጥ ይዘልቃል። ተርቧ የምትፈልገው ይህን እጭ ነው። ቤተሰቧ ኢክኒውሞኒድ ይባላል፤ ሳይንስ ስም ያወጣላቸው ዝርያዎቹ ብቻ ወደ 25 ሺህ ይጠጋሉ፤ ስለዚህ በስልክ ከተነሣ ፎቶግራፍ ቤተሰቧን እንጂ የዝርያ ስሟን መናገር እንደማይቻል ባለሙያዋ አስጠነቀቁ። ይህን በማለታቸው ይበልጥ አመንኳቸው።

ስለ መርፌዋ የጻፉት ክፍል በመሣሪያ ለሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ የሚነበብ ነው። ከውጭ አንድ ፀጉር የሚመስለው ነገር ሰገባውንና መርፌውን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሰገባው እንጨቱ ውስጥ አይገባም፣ ተለይቶ ውጭ ይቀራል። መርፌው ራሱ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱ የታችኞቹ ከላይኛው ጋር በቦይና በምላስ ተያይዘው፣ መሳቢያ በሐዲዱ ላይ እንደሚንሸራተት፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየያዘ በየተራ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ጫፉ ጥርስ አለው፤ እንጨት በሚበሱ ብዙ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ጫፉ በዚንክ ወይም በማንጋኒዝ ጠጥሮ ተገኝቷል። እንቁላሏም በዚያች ቀጭን ቦይ ውስጥ ተጨምቆና ረዝሞ ያልፋል።

መነካካቷስ? በዚህ ወገን ካሉት ተርቦች አንዳንዶቹ በአንቴናቸው ጫፍ እንጨቱን መትተው የተመለሰውን ንዝረት በእግራቸው ውስጥ ባለ የስሜት አካል ያዳምጣሉ፤ ድፍኑና ባዶው እንጨት የተለያየ መልስ ስለሚሰጥ ዋሻው የት እንዳለ ያውቃሉ። ሌሎች ደግሞ እጩ ሲያኝክና ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረውን ንዝረት ይከታተላሉ። እጩ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ መርዟን ትወጋዋለች፤ እሱ ሳይሞት ይደነዝዛል፤ እንቁላሏን ከጎኑ ወይም በላዩ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ ትል ያንን የደነዘዘ ሥጋ ሳይበሰብስበት ቀስ እያለ ይጨርሰዋል። እጩን ሳያደነዝዙ እንቁላላቸውን በገላው ውስጥ ጥለው፣ እሱ መብላቱንና ማደጉን ቀጥሎ እንዲያሳድግላቸው የሚተዉም አሉ።

ምላሽ 4 ከባሕር ዳር የመጣ ተጠራጣሪ ነው። በትራፓኖ ስንበሳው ጢስ የሚያወጣ እንጨት በፀጉር ተበሳ መባሉ ተረት መሆኑን፣ ባለሙያዋም የመጽሐፍ እንጂ የእንጨት ሰው አለመሆናቸውን በድፍረት ጻፈ። በምላሽ 5 የተሰጠው መልስ አጭርና ረጋ ያለ ነበር። ተርቧ የደረቀ ሳንቃ ላይ አትታገልም፤ ቅርፊትንና ገና እርጥበት ያልለቀቀውን እንጨት ትመርጣለች፤ ሲመቻትም እጩ ራሱ የቆፈረውንና በዱቄት የሞላውን መንገድ ትከተላለች፤ መርፌዋ የማይደርስበት ጥልቀት የገባ እጭ ያመልጣታል። ባለሙያዋ ደግሞ ትራፓኖ በሰከንድ የሚጨርሰውን እሷ 25 ደቂቃ እንደ ፈጀችበት አስታወሱት።

ከሁሉ የወደድኩት ምላሽ 6ን ነው። የጻፉት የሞጣ መምህር ናቸው። ልጅ ሳሉ ለእናታቸው የእንጀራ መጋገሪያ የብሳና ጉቶ በምሳር ሲፈልጡ፣ ከፍንካቹ መካከል የአውራ ጣት ቁመት ያለው፣ እንደ ቅቤ የነጣ፣ ራሱ ብቻ ቡናማ የሆነ ትል ወደቀላቸው። ሌሎቹ ሲነኩ ይቆለመማሉ፤ ይህ ግን አይንቀሳቀስም፣ ቢሆንም አልጠቆረም፣ አልሸተተም። ጎኑ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሌላ ነጭ ትል በአፏ ተጣብቃ ተንጠልጥላለች። መምህሩ ሁለቱንም ከእርጥብ ጥጥ ጋር በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርገው በየቀኑ ይከፍቱ ነበር። ትንሿ ስትሞላ ትልቁ ሲጎድል ሰነበተ፤ በዘጠነኛው ቀን ትልቁ ባዶ ቆዳ ሆኖ ከጥጡ ጋር ተጣበቀ፤ ትንሿ እሱን አክላ እንደ ቡናማ ወረቀት ያለ መጠቅለያ ፈትላ ተሸፈነች። ከዚያ ምን እንደ ወጣ አላዩም፤ ታላቅ እኅታቸው ክብሪት ፍለጋ ቀፎውን ከፍታ ጮኻ ምድጃ ውስጥ ጣለችው። መምህሩ ከ40 ዓመት በኋላ የባለሙያዋን ጽሑፍ ሲያነቡ ያቺ ትል ምን እንደ ነበረች ገና አሁን እንደ ገባቸው ጽፈው አመሰገኑ። ተጠራጣሪው ለዚህ ምላሽ አልሰጠም።

ከ7 እስከ 10 ያሉት ከተርብ ወደ ተረብ የተሸጋገሩ ናቸው። አንዱ ባሕር ዛፍ ምንጭ አደረቀብን ሲል፣ ሌላው ልጆቹን ያስተማረው በባሕር ዛፍ መሆኑን ገልጾ ተቆጣ፤ የእንጅባራ ሰው ደግሞ በአዊ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዘር ላይ የወረደው የዝገት በሽታ እያለ ስለ አንዲት ተርብ ማውራት ቅንጦት ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የዝገቱ በሽታ ፈንገስ ስለሆነ ተርብ አታድነውም፤ የራሱ ክር ያስፈልገዋል።

ምላሽ 11 ነገሩን መለሰልን። ጸሐፊው የደጀን ተወላጅ ሆነው አሜሪካ ሚሺጋን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ ተገኘ፤ እጩ አመድማ ቅርፊት ባለው አሽ በተባለ ዛፍ ቅርፊት ሥር እየተጠማዘዘ ይግጣል፤ የውኃውንና የምግቡን መተላለፊያ ስለሚቆርጥበትም ዛፉ ይደርቃል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎች ሞቱ፤ እርሳቸው የሚኖሩበት መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላ አልባ ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጥንዚዛው ከመጣበት ከቻይና ሦስት ጥቃቅን ተርቦች አምጥቶ በጫካ ለቀቀ፤ አንዷ እንቁላሉን፣ ሁለቱ እጩን የሚያጠቁ ናቸው። ከእነዚህ ቴትራስቲከስ የምትባለው ከአንድ እጭ ውስጥ በርካታ ልጆች የምታወጣ ናት። እንግዲህ እኛም ከውጭ አስመጥተን ለምን አንለቅም ሲሉ ጠየቁ።

ባለሙያዋ በምላሽ 12 እስካሁን ያልታየ ቁጣ አሳዩ። አንድ ነፍሳት ከባሕር ማዶ አምጥቶ መልቀቅ ዶሮ ማስመጣት አይደለም፤ ከተለቀቀ የሚመልሰው የለም፤ አሜሪካኖቹም ከመልቀቃቸው በፊት ሌሎች ጥንዚዛዎችን ያጠቃ እንደ ሆነ በቤተ ሙከራ ፈትሸዋል። ተስማሚ ተርብ ተገኝቶ እንኳ ነገሩ በቅርፊት ውፍረት ይወሰናል። ያቺ ቴትራስቲከስ መርፌዋ 2 ሚሊሜትር ከምናምን ብቻ ስለሆነ ቅርፊቱ ቀጭን በሆነ ወጣት ዛፍ ላይ ትሠራለች፤ ግንዱ ከወፈረ አትደርስም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 መርፌዋ የሚረዝም ሌላ ተርብ ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ተጨመረች። ቀጥለውም የካሊፎርኒያን የባሕር ዛፍ ታሪክ አነሡ። ከአውስትራሊያ የሄደ ፎራካንታ የሚባል ባሕር ዛፍ ሰርሳሪ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚያ ገባ፤ እንቁላሉን የምታጠቃ አቬቲያኔላ የተባለች ተርብ ከአገሩ መጥታ ተለቀቀችና መልካም ሠራች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዚያው ጥንዚዛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ዝርያ ሲመጣ ግን ያቺው ተርብ ተቸገረች፤ በአዲሱ ጥንዚዛ እንቁላል ውስጥ የጣለችው እንቁላል ተከብቦና ታፍኖ የሚሞትበት ጊዜ በዛ። ጥንዚዛዎቹን በዓይን ለመለየት ብዙ ሰው የሚቸገርባቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ ለተርቧ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ነው።

በዚሁ ምላሽ ላይ አንድ እርማት ለእኔም ደረሰኝ። ቀደም ሲል ተርብ ሁሉ ወዳጅ ነው የሚል ነገር ጣል አድርጌ ነበርና፣ ባለሙያዋ ሌፕቶሳይብ የምትባል ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማትበልጥ የአውስትራሊያ ተርብ መኖሯን አስታወቁኝ። ይህች የባሕር ዛፍን ለጋ ቅጠልና ቀንበጥ እያሳበጠች የምታቀጭጭ ተባይ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅ ታይታ ወደ አፍሪካም ተዛምታ እኛም ዘንድ ደርሳለች። ወዳጅነቷ የሚታወቀው በሥራዋ እንጂ በመልኳ አይደለም። ተቀብያለሁ።

ከ13 እስከ 15 ተጠራጣሪው ተመልሶ፣ ተርቧ ደካማ ከሆነች ለምን ትመሰገናለች የሚል ሙግት ገጠመ፤ ሁለት ሰዎች ከበድ ባለ ቃል መለሱለት፤ አንዱ የጻፈው ኋላ ተነሥቷል። አልተርከውም።

ምላሽ 16 ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የጻፉ ዲያቆን ናቸው። ጥያቄያቸው እንግዳ ነበር። አያታቸው የብራና መጻሕፍት ያስቀምጡበት የነበረ አሮጌ የእንጨት ሣጥን መኝታ ክፍላቸው ውስጥ አለ፤ ከበላዩ ደቃቅ ዱቄት ይፈስሳል፤ በዚያው ሰሞን ሌሊት ጉንዳን በምትመስል ክንፍ አልባ ጥቃቅን ቡናማ ነገር እየተወጉ ክንዳቸው ሽፍ ይላል፤ ትኋን ፈልገው አላገኙም። ወንጌል ብልና ዝገት የሚያጠፉትን መዝገብ አትሰብስቡ ማለቱ ስለ ሣጥኑ ይሆን ሲሉም ቀለዱ። ባለሙያዋ ሳያዩ አንድ ነገር መወሰን እንደማይገባ አስቀድመው፣ ስክሌሮደርመስ የሚባል የተርብ ወገን እንዳለ ገለጹላቸው። እንስቶቹ ብዙውን ጊዜ ክንፍ የሌላቸውና ለዓይን ጉንዳን የሚመስሉ ናቸው፤ መርፌ ረዝሞላቸው ከውጭ ከመብሳት ይልቅ ትንሽነታቸውን ተጠቅመው በጥንዚዛው ዋሻ ውስጥ ራሳቸው ይገባሉ፤ እጩን አደንዝዘው በላዩ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ ልጆቻቸውንም አጠገብ ሆነው ይጠብቃሉ። አውሮፓ ውስጥ በቅንቅን የተበላ ዕቃ ባለበት ቤት በእንቅልፍ ላይ ያሉ ሰዎችን መውጋታቸው በሐኪሞች ተመዝግቧል። ስለዚህ ወጊዋ እሷ ከሆነች፣ ሣጥኑ ውስጥ ሕይወት ያለው ቅንቅን አለ ማለት ነው፤ የሚታከመው ሣጥኑ ነው። ዲያቆኑም ሣጥኑን ከመኝታ ክፍል ማውጣታቸውን በ18 አሳወቁ፤ ከዚያ ግን አልታገሡም፤ ቅርፊቱን በሰም፣ እጩን በወርቅ መስለው አንድ ጉባኤ ቃና አሰፈሩ። ከ19 እስከ 22 ያሉት አራቱም ምላሾች ግእዙንና ቤት አመታቱን ለማረም የመጡ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ቅኔ አደባባይ አውጥቶ ሳይታረም የሚመለስ የለም።

የቡሬው አናጢ በ23 ተመለሱ። በምላሽ 2 የደረሰባቸውን ሳያነሡ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ ነገሩኝ። ዋንዛን ቆርጦ ከነቅርፊቱ መከመር ለጥንዚዛ ቤት መሥራት ነው፤ እርሳቸውና አባታቸው ግንድ በወደቀበት ሳምንት በምሳር ይልጡታል፣ አጣናውንም እንደ ተቆረጠ ይልጡና ቅርፊቱን ለማገዶ ያደርቁታል፤ ከዚያ ግንዱ መሬት ሳይነካ በድንጋይ ላይ ነፋስ እንዲያልፍበት ተደርጎ ይደረደራል። ባለሙያዋ በ24 ደገፏቸው። እናቲቱ ጥንዚዛ የቅርፊት ስንጥቅ ካጣች እንቁላሏን የምትሸጉጥበት አይኖራትም፤ አዲስ የተፈለፈለው እጭም የመጀመሪያ ምግቡን ያጣል። በቆመ ዛፍ ላይ ደግሞ የዛፉ ጤና ራሱ መከላከያ ነው፤ ውኃ የጠገበ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ውስጥ የገባ የፎራካንታ እጭ ብዙ ጊዜ እርጥበቱን አልፎ መሄድ ያቅተዋል፤ ድርቅ የጎዳው ዛፍ ላይ ግን ያለ ከልካይ ይገባል።

ይህ ምላሽ የከፈትኩትን ጥያቄ ለእኔ ዘጋልኝ፤ ደስ በሚያሰኝ መንገድ ግን አልነበረም። ተርቧ ጥፋት የለባትም፤ ሆኖም ለበር ያሰብኩትን ግንድም አታድነውም። እሷ የምትመጣው እጩ ወፍሮ፣ ዋሻውን ቆፍሮ፣ ንዝረቱ ከውጭ የሚሰማ ከሆነ በኋላ ነው፤ የምትጠቅመው ለሚቀጥለው ዓመት ጫካ እንጂ ለተበላው ግንድ አይደለም። ተጠራጣሪው በ25 ይህን ሲያነብ እሱ ከመጀመሪያ ያለው ይህንኑ እንደ ነበር ጻፈ። አላለም፤ ግን ተውኩት።

ምላሽ 26 የእኔ ዘገባ ነው። ባለሙያዋ በግል እንደ መከሩኝ ከአምስቱ ግንዶች አንዱን በክንድ ልክ አስቆርጬ በአሮጌ አጎበር ጠቅልዬ ከጓዳው ደጃፍ ሰቀልኩት፤ የቀሩትን አስላጥኳቸው። ሲላጡ ከቅርፊቱ ሥር ጣት የሚያህል ስፋት ያላቸው፣ በዱቄት የተጠቀጠቁ ጠመዝማዛ መንገዶች ታዩ፤ ጎረቤቴ ቆመው አዩና ማላታይኑን ራሳቸው ይዘውት ገቡ። ከሁለቱ ግንዶች የበሩ ሳንቃ ወጣ፤ ሁለቱ ለማገዶ ሆኑ። መጋቢት መጨረሻ ላይ አጎበሩ ውስጥ ሁለት ጥንዚዛ አገኘሁ፤ አንቴናቸው ከገላቸው ይረዝማል፣ የወጡበት ቀዳዳ ሞላላና እርሳስ የሚያስገባ ነው። ሚያዝያ ላይ አንዲት ባለ ጭራ ተርብ ወጣች፤ ቀዳዳዋ ክብና ከክብሪት እንጨት የሚቀጥን ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች ከማስመሪያ ጋር አንሥቼ ለጥፌያለሁ። ተርቧን አጎበሩን ገልጬ ለቀቅኳት፤ ጥንዚዛዎቹን ለጎረቤቴ ዶሮዎች ሰጠኋቸው። ግንዱ ግን እስከ ዛሬ ተሰቅሏል፤ በአንዳንድ ጠዋት ከሥሩ ቁንጥር የምታህል ቢጫ ዱቄት አገኛለሁ።